የተሰበረ ካምሻፍት ጥገና፦ አዲሱ እስኪመጣ የወፍጮና የመስኖ ሞተርን ለማንቀሳቀስ

በወሎ ደጋም ሆነ ቆላ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ወይም በየጊዜው በሚቋረጥበት ቀበሌ፣ ወፍጮውን የሚያዞረውና ከወንዝ ውኃ የሚስበው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር ያለው ዝግተኛ የናፍጣ ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ካምሻፍት፣ ማለትም በጉብታዎቹ ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍተው ዘንግ፣ ሲሰበር ጉዳቱ በባለንብረቱ ላይ ብቻ አይቀርም። በደላንታ ወይም በመቄት እናቶች ገብሳቸውንና ጤፋቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ ቀበሌ ወፍጮ ይጓዛሉ፤ በቆቦ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የተከለ ገበሬ ደግሞ ውኃው በተቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳው ሲጠወልግ ያያል። አዲስ ካምሻፍት ግን በአብዛኛው ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ ታዝዞ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሞተሩ የቆየ ሞዴል ከሆነም ፍለጋው ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ይህ መመሪያ ለዚያ የመጠበቂያ ጊዜ የተጻፈ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ያለኝን አቋም ከመነሻው ልግለጽ። ካምሻፍት የተሰበረበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ይበየዳል ወይ?” ብሎ ነው። ነገር ግን በዝግተኛ ሞተር ውስጥ ካምሻፍት የሚሸከመው ኃይል ያን ያህል ከባድ ስላልሆነ፣ ሁለቱን ቁራጮች አጥብቆ ማያያዝ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው ቁራጮቹ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንዲቆሙና ጉብታዎቹ እርስ በርስ የነበራቸው ማዕዘን ሳይዛባ እንዲመለስ ማድረግ ነው። የብየዳ ሙቀት ሁለቱንም ያበላሻል። ስለዚህ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት እስካለ ድረስ፣ ያለ ሙቀት፣ በተቦረቦሩት ቁራጮች መሐል በሚገባ የውስጥ ዘንግና እርሱን በሚቆልፍ ፒን የሚደረገውን ጥገና አስቀድማለሁ።

ለየትኛው ሞተር ይሆናል?

ዘዴው የሚሆነው ካምሻፍቱ በብሎኩ ውስጥ ለተቀመጠ፣ ቫልቮቹን በፑሽሮድ (በገፊ ዘንግ) እና በሮከር (ቫልቩን በሚጫነው ክንድ) ለሚያንቀሳቅስ፣ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ለሆነ ሞተር ነው። ለምሳሌ በገጠር ወፍጮ ቤቶች የሚታወቀው የሊስተር ዓይነት ባለ 6 ፈረስ ጉልበት ሞተር በደቂቃ 650 ዙር ይዞራል፤ በባለ አራት ምት ሞተር ካምሻፍቱ ፒስተኑ የሚያዞረውን የዋናውን ዘንግ፣ የክራንክሻፍቱን፣ ግማሽ ስለሚዞር፣ ካምሻፍቱ በደቂቃ 325 ዙር ብቻ ይዞራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዝግተኛ ዙር ለተጠገነ ዘንግ ምሕረት ያደርጋል።

ለመኪና ግን አይሆንም። የመኪና ሞተር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዞራል፤ ካምሻፍቱ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ያለና በቺንጋ ወይም በካቴና የሚነዳ ከሆነ ደግሞ፣ መገጣጠሚያው በለቀቀበት ቅጽበት ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ሊመታ ይችላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይልም አብሮ ይደክማል። ሰው በሚጭን ተሽከርካሪ ላይ ይህን ጥገና መሞከር በምንም ምክንያት ተገቢ አይደለም።

ሌላም አንድ ገደብ አለ። የሞተሩ የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም ገቨርነሩ፣ የሚዞረው ከስብራቱ ወዲያ ባለው የካምሻፍት ቁራጭ ከሆነ፣ የናፍጣ ፖምፑ ደግሞ ከስብራቱ ወዲህ፣ በጊሩ በኩል፣ ካለው የሚነዳ ከሆነ ጥገናውን ይተዉት። መገጣጠሚያው በሥራ ላይ ቢለቅ ገቨርነሩ ይቆማል፣ ናፍጣው ግን ይቀጥላል፤ ሞተሩም ያለ ልጓም እየፈጠነ ሄዶ ቮላኖውን (ከባዱን መንኮራኩር) እስከ መበተን ሊደርስ ይችላል።

ሞተሩ እንደቆመ

ስብራት ከተጠረጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሞተሩን በማኑቬላ (በእጅ ማስነሻው) ለማስነሳት መሞከር ይቁም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር የስብራቱን ገጾች እርስ በርስ ያፋጫቸዋል፤ እነዚህ ገጾች ደግሞ በኋላ እንደምናየው የጥገናው ዋና መሪዎች ናቸው። የሮከር ሽፋኑን ይክፈቱና ቮላኖውን በእጅ ቀስ አድርገው በማዞር የትኛው ቫልቭ እንደሚንቀሳቀስና የትኛው እንደቆመ ይመልከቱ። አንዱ እየሠራ ሌላው ከቆመ፣ ፑሽሮዱም ካልተጣመመ፣ ስብራቱ በሁለቱ ጉብታዎች መካከል አለ ማለት ነው።

ካምሻፍት ያለ ምክንያት አይሰበርም፤ ምክንያቱ ሳይገኝ የተገጠመ ጥገናም በዚያው ምክንያት ይሰበራል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ዘይት ያጣ አንገት (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ክብ ክፍል) በቦኮላው (አንገቱን በሚይዘው ቀለበት) ውስጥ ግሎ መጣበቁ ነው፤ አንገቱ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይይዛል፣ ገጹም ይጫጫራል። ሁለተኛው በጋይዱ (በመሪ ቱቦው) ውስጥ የተጣበቀ ቫልቭ ነው፤ በተለይ ለወራት ቆሞ በክረምት እርጥበት የዛገ የመስኖ ሞተር እንደገና ሲነሳ ይህ ያጋጥማል። ሦስተኛው የናፍጣ ፖምፑ ፕለንጀር (ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግ) በቆሻሻ ተይዞ መቆሙ ነው፤ በየገበያው በጀሪካን የሚሸጥ ያልተጣራ ናፍጣ ለዚህ ዋና ተጠያቂ ነው። ከስብራቱ በፊት ቴስታታው ለሥራ ተፈትቶ ከነበረ ደግሞ የቫልቭ ክፍተቱ ጠፍቶ ወይም የቫልቩ ሞላ ከልክ በላይ ተጨቁኖ እንደሆነ ይመርመሩ።

ስለዚህ ካምሻፍቱን ከማውጣትዎ በፊት እያንዳንዱን ቫልቭ በእጅ ወይም በቀላል የእንጨት መዶሻ ወደታች ገፍተው በነፃነት መመለሱን፣ ፑሽሮዶቹን በመስታወት ላይ አንከባልለው ቀጥ ማለታቸውን፣ ፖምፑን አውጥተው በጣት ሲገፉት መንቀሳቀሱን ያረጋግጡ። ያገኙትን ምክንያት በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ስሙን ሊጽፉት የሚችሉት ምክንያት እስኪገኝ ድረስ ወደ ቶርኖ ቤት አይሂዱ።

ማውጣትና ምልክት ማድረግ

ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን የሚያገናኙትን የታይሚንግ ጊሮች ሽፋን ሲከፍቱ በጥርሶቹ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይፈልጉ። ነጥቦቹ ካልታዩ፣ ጊሮቹ ሳይለያዩ ሁለቱን የተጠላለፉ ጥርሶች በሹል ጫፍ ምልክት ያድርጉባቸው። ከዚያ በጉብታዎቹና በፑሽሮዶቹ መካከል ያሉትን ፑንተሪያዎች በየተራ ያውጡና በቁጥር ለይተው ያስቀምጡ። እያንዳንዱ ፑንተሪያ ከራሱ ጉብታ ጋር ተፋጭቶ የተለማመደ ስለሆነ፣ ቦታ ተቀይሮ ቢገባ ሁለቱም በአጭር ጊዜ ይበላሉ። ካምሻፍቱ በጎን ተስቦ ሲወጣ የውስጠኛው ቁራጭ በብሎኩ ውስጥ ይቀራል፤ በመዶሻ ሳይመቱ፣ በሌላኛው ጫፍ በኩል በእንጨት ገፍተው ያስወጡት። በካርተሩ (ከታች ባለው የዘይት መያዣ) ውስጥ የወደቀ ስብርባሪ ካለ ዘይቱን አውርደው በማግኔት ይልቀሙ፤ ትንሿ ስብርባሪ ሳትቀር ትቀመጥ፤ ከስብራቱ ጠርዝ የወጣች ልትሆን ትችላለችና።

ስብራቱን ማንበብ

ቁራጮቹን በቤንዚንና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠቡ። የሽቦ ብሩሽ፣ ሞረድና ግራይንደር ወደ ስብራቱ ገጽ አይቅረቡ። ስብራቱ ጠምዘዝ ብሎ በ45 ዲግሪ ገደማ የወረደ ከሆነ፣ ዘንጉ ጊዛ፣ ማለትም በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ብረት ነው፤ አንድ ነገርም ድንገት ይዞ ጠምዝዞታል። በገጹ ላይ ከአንድ ጠርዝ የሚነሱ ለስላሳ ቀስት መሳይ መስመሮች ከታዩና የቀረው ክፍል ሸካራ ከሆነ ግን፣ ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲሰፋ ቆይቶ በመጨረሻ የተበጠሰ የድካም ስብራት ነው። በዚህ ጊዜ ቀሪው ዘንግም ሌላ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ለማወቅ ዘንጉን በነጭ ጋዝ ይንከሩት፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ከዚያ የኖራ ዱቄት በውኃ በጥብጠው ይቀቡት፤ ኖራው ሲደርቅ ስንጥቅ ካለ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ጥቁር መስመር ይሠራል። ሌላ ስንጥቅ የተገኘበት ካምሻፍት መጠገን የለበትም።

የብረቱን ዓይነት ለማረጋገጥ ከጉብታና ከአንገት ራቅ ባለ ቦታ ላይ ግራይንደር ለቅጽበት ያስነኩት። ጊዛ አጭርና ደብዛዛ ቀይ ብልጭታ ይሰጣል፤ ስቲል ረጅምና ደማቅ ቢጫ ብልጭታ ይሰጣል። በሞረድ ሲነካም የጊዛ ብናኝ እጅ የሚያጠቁር ዱቄት ነው።

የጊዛ ካምሻፍት ስብራት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ጊዛ ሳይለጠጥ ስለሚሰበር ሁለቱ ገጾች እንደ ተሰበረ ገንቦ በአንድ ቦታ ብቻ ይገጥማሉ። በእጅ አገጣጥመው ትንሽ ሲያዞሯቸው “ቀጭ” ብለው የሚገቡበትን ቦታ ጣትዎ ያውቀዋል። በዚያ ሁኔታ ላይ እያሉ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው የሚያልፍ ቀጥታ መስመር በሹል ብረት ይጫሩ፤ በሌላኛው ጎንም ይድገሙት። መስመሩ ቀጭን ይሁን። ውፍረቱ 28 ሚሊሜትር በሆነ ዘንግ ላይ 1 ዲግሪ በዙሪያው ሲለካ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያች 1 ዲግሪ ደግሞ በክራንክሻፍቱ ላይ 2 ዲግሪ ትሆናለች፤ በናፍጣ መርጫ ሰዓት ላይም ጭስና ማንኳኳት ሆና ትሰማለች።

ቶርኖ ላይ መቦርቦር

ደሴና ኮምቦልቻ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያዎች አሉ፤ ወልድያም እንዲሁ። ለባለሙያው ሊነገረው የሚገባው ነገር ሥራው ስለ ውፍረት ሳይሆን ስለ መሐል መስመር መሆኑን ነው። ቁራጩ የሚያዘው በአንገቱ ላይ ነው፤ መንጋጋው እንዳይጭረው ስስ የመዳብ ሉህ ይደረግበት። በስብራቱ በኩል ያለው ሌላ አንገት በመሐል መደገፊያ ይያዝ። ዳያል ጌጅ (መዛነፍን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) በሁለቱም አንገቶች ላይ ሲቀመጥ ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ይህ እስኪሆን ድረስ መቦርቦር አይጀመር፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅ እንኳ የሥራው ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

የስብራቱ ገጽ ወጣ ገባ ስለሆነ ፑንታ (መብሻ) ሲጀምር ይንሸራተታል። ስለዚህ በአጭርና ወፍራም የመሐል ፑንታ መነሻ ተደርጎ፣ በቀጭን ፑንታ ተበስቶ፣ መጨረሻው በቦረቦራ መቁረጫ ይስተካከል። የቀዳዳው ስፋት የዘንጉን ውፍረት ግማሽ ያህል ይሁን። ዘንጉ 28 ሚሊሜትር ከሆነ ቀዳዳው 14 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ በእያንዳንዱ ቁራጭ 30 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ዙሪያውን 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ያልተነካ የስብራት ገጽ ይቀራል፤ ማዕዘኑን የሚመልስልን እርሱ ነው። አንዳንድ ባለሙያ “ገጹን ላስተካክለው” ይላል፤ አይፍቀዱለት፤ ገጹ ከተላገ መሪው ጠፋ፣ ካምሻፍቱም አጠረ።

ካምሻፍቱ መሐሉ ባዶ ሆኖ ዘይት የሚያስተላልፍ ከሆነ የውስጥ ዘንጉም መሐሉ ተበስቶ ዘይቱን ማሳለፍ አለበት።

የውስጥ ዘንጉ ከምን ይሠራ?

ፌሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ገጹም ጥራቱም አይታመንም። ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ያለበት ወፍራም ብሎን ጥርስ ያልወጣበት አንገቱ ጥሩ ምንጭ ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ብረቱ በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ያህል የመጎተት ጥንካሬ እንዳለው፣ ሁለተኛው ደግሞ 1000 ያህል እንዳለው ያመለክታል። የተጣለ የከባድ መኪና የኋላ አክስል ዘንግም ይሆናል፣ ነገር ግን ገጹ የጠነከረ ስለሆነ ተራ መቁረጫ አይበላውም።

የውስጥ ዘንጉ 58 ሚሊሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ድምር 2 ሚሊሜትር ያጠረው ጫፎቹ ታች ነክተው የስብራቱን ገጾች እንዳያራርቁ ነው። በአንደኛው ግማሹ ከቀዳዳው በ0.01 እስከ 0.02 ሚሊሜትር የሚበልጥ ሆኖ በሞርሳ ወይም በፕሬስ ተጨቁኖ ይገባል። በሌላኛው ግማሹ ግን ከ0.02 እስከ 0.04 ሚሊሜትር ያነሰ ሆኖ በእጅ የሚንሸራተት ይሁን። ሁለቱም በኩል ጥብቅ ከሆነ ቁራጩን አዙሮ ከስብራቱ ጋር ማጋጠም አይቻልምና፣ ልዩነቱ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። በዘንጉ ርዝመት ላይ በሞረድ አንድ ቀጭን ጠፍጣፋ መስመር ያውጡ፤ ይህ መስመር ከሌለ በቀዳዳው ግርጌ የታፈነው አየር ዘንጉን መልሶ ይገፋዋል።

ማገጣጠም

ሁሉንም ክፍል በንጹሕ ቤንዚን ወይም በአሴቶን አጥበው ያድርቁ፤ የጣት ቅባት እንኳ እንዳይቀር። ጥብቁን ወገን አስቀድመው ያስገቡ። በሚንሸራተተው ወገን ላይ ሲሊንደራዊ ክፍሎችን ለመያዝ የሚሸጠውን የሎክታይት ዓይነት ማጣበቂያ በስሱ ይቀቡ፤ የስብራቱ ገጽ ላይ ግን እንዳይነካ፣ ምክንያቱም በገጾቹ መካከል የሚገባ ማንኛውም ነገር ዘንጉን ያጎብጣል። ቁራጮቹን አቀራርበው በቀስታ እያዞሩ “ቀጭ” የሚለውን ቦታ ይፈልጉ፤ የተጫሩት ሁለቱም መስመሮች ሳይሰበሩ ሲያልፉ በሁለቱ ጫፎች በኩል ጨቁነው ያሲዙ።

ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት በተለምዶ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማጣበቂያው ይዘገያል፤ ሥራውን ሞቅ ባለ ክፍል ማሳደር ይገባል።

ከዚያ ፒኖቹ ይገባሉ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከስብራቱ 15 ሚሊሜትር ያህል ርቆ፣ በዘንጉ መሐል የሚያልፍ የ4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበሱ፤ አንደኛው ከሌላኛው ጋር በ90 ዲግሪ ይሁን። ፒኑ ከውስጥ ዘንጉ ውፍረት ሲሶ መብለጥ የለበትም፣ አለበለዚያ ዘንጉን ራሱን ያደክማል። በ50 ሚሊሜትር ርዝመት 1 ሚሊሜትር የሚሾል ሾጣጣ ፒንና የእርሱ ሪመር (ቀዳዳ ማስተካከያ) ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። ፒኑ በጉብታ ወይም በአንገት ላይ እንዳያልፍ ቦታው አስቀድሞ ይታይ፤ ስብራቱ ለጉብታው በጣም የቀረበ ከሆነ የውስጥ ዘንጉን አርዝመው ፒኑን ከጉብታው ወዲያ ያድርጉት። ፒኑ ከገባ በኋላ ሁለቱም ጫፎቹ በመዶሻ ተቀጥቅጠው እንዲሰፉ ይደረግና ከዘንጉ ገጽ ጋር እኩል ይሞረዱ። ፒን ወደ ካርተሩ ቢወድቅ ከካምሻፍቱ የከፋ ጉዳት ያመጣል።

በሁለት ጉብታዎች መካከል በቂ ቦታ ካለ ከውጭ የብረት ቀለበት መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ካምሻፍቱ ወደ ብሎኩ የሚገባው በቦኮላዎቹ ውስጥ አልፎ ስለሆነ፣ የቀለበቱ የውጭ ስፋት ከሚያልፍበት ከጠባቡ ቦኮላ ማነስ አለበት። ይህን ሳይለኩ የሠሩት ቀለበት ሲያበቃ አይገባም።

ፍተሻ

ካምሻፍቱን በሁለቱ ጫፍ አንገቶቹ ቪ ብሎክ (በቪ ቅርጽ የተቆረጠ መደገፊያ) ላይ ያስቀምጡና መካከለኛውን አንገት በዳያል ጌጅ እየለኩ ያዙሩት። መርፌው በጠቅላላ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ዘንጉ በቦኮላው ውስጥ ይነክሳል። ጊዛን በፕሬስ ለማቅናት አይሞክሩ፤ ይሰበራል። ፒኖቹን አውጥቶ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ማዕዘኑን ለመፈተሽ የዲግሪ ሰሌዳ ይጠቀሙ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ፣ የተኩስ ቅደም ተከተሉም 1-3-4-2 ከሆነ፣ የአንደኛውና የሦስተኛው ሲሊንደር የመሳቢያ ጉብታዎች ጫፎች በካምሻፍቱ ላይ 90 ዲግሪ ይራራቃሉ። ሁለቱ ፒስተኖቹ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ ርቀቱ 180 ዲግሪ ነው። የጉብታውን ጫፍ በዓይን መፈለግ አይበጅም፤ ዳያል ጌጁ በሁለቱም ጎን እኩል ቁጥር የሚያሳይባቸውን ነጥቦች ወስደው መካከሉን ይያዙ። የስብራቱ ገጾች ተፋጭተው መሪነታቸውን ካጡም ቁራጮቹን የምንመልሰው በዚሁ ልኬት ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ይህ ማነጻጸሪያ ስለሌለ፣ ገጾቹ ከጠፉና የፋብሪካው የቫልቭ ሰዓት ቁጥር ካልተገኘ ሥራውን አይጀምሩት።

ብየዳ የግድ ሲሆን

ቶርኖ ከሌለና ዘንጉ ስቲል ከሆነ ብየዳ ይቻላል። ጠርዞቹን በቪ ቅርጽ ሲያወጡ መሐሉ ላይ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ያልተነካ የስብራት ገጽ ይተዉ። ካምሻፍቱን በቀጥተኛ አንግል ብረት ውስጥ አስተኝተው ያስሩ፤ ከ200 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁ፤ በደንብ የደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ ይጠቀሙ፤ በተቃራኒ ጎኖች እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ይበይዱ። የጠነከረ የስቲል ጉብታ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ጥንካሬውን ማጣት ስለሚጀምር፣ የሚሞቀው ስብራቱ አካባቢ ብቻ ይሁን፤ አጎራባቾቹ ጉብታዎች በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለሉ። ሲያበቃ ብየዳው በደረቅ አመድ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

ጊዛ ከሆነ ተራው 6013 ኤሌክትሮድ ከብየዳው ጎን ስንጥቅ ይተዋል። የኒኬል ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ብቻ በይደው፣ በክብ ራስ መዶሻ ቀስ አድርገው ቀጥቅጠው፣ እጅ እስኪችለው ጠብቀው ይቀጥሉ። እንዲያም ሆኖ የተበየደ የጊዛ ካምሻፍት ቀጥ ብሎ ሲወጣ ማየት ብርቅ ነው።

መግጠምና ማስነሳት

አንገቶቹንና ጉብታዎቹን በወፍራም ዘይት ይቀቡ፤ ካምሻፍቱን ያስገቡ፤ እያንዳንዱን ፑንተሪያ በቁጥሩ ወደ ቦታው ይመልሱ፤ የታይሚንግ ጊሮቹን ነጥብ ከነጥብ ያገናኙ። የሮከሮቹን ማስተካከያ ብሎኖች አስቀድመው ያላሉ። ዲኮምፕሬሽኑን (የሲሊንደሩን እመቃ የሚለቀውን መክፈቻ) ከፍተው ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ ካምሻፍቱ አንድ ዙር ይሞላል። የሚከብድ ወይም የሚይዝ ቦታ ካለ ይቁም፣ በኃይል አይታለፍ። ከዚያ የቫልቭ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) በሞተሩ መመሪያ ቁጥር ያስተካክሉ።

በመጀመሪያው ማስነሻ ወፍጮውም ሆነ የውኃ ፖምፑ ቺንጋው ወልቆ ይሁን። አንድ ሰው የአየር መግቢያውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም፤ ሞተሩ ቢያብድ ናፍጣ ከመዝጋት ይልቅ አየር መድፈን ፈጥኖ ያቆመዋል። ማንም ሰው በቮላኖው አቅጣጫ አይቁም። 20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ከሠራ በኋላ አጥፍተው የጎን መዝጊያውን ይክፈቱና የተጫረውን መስመር በባትሪ ይመልከቱ። መስመሩ ሳይሰበር ከቀጠለ መገጣጠሚያው አልተንሸራተተም። በመስመሩ ላይ የፀጉር ያህል መዛነፍ ካዩ ጥገናው አልያዘም፤ ያውጡት።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሠራበትን ዘይት አውርደው በማግኔት ይፈትሹና በአዲስ ይተኩ። መስመሩን በመጀመሪያው ሳምንት በየዕለቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመልከቱ። ወፍጮ ከሆነ እህሉ ወደ ድንጋዩ በቀስታ ይለቀቅ፤ በቆሎና ማሽላ በሙሉ አፍ አይፈጭበት። ሴንትሪፉጋል ፖምፕ ከሆነ የመውጫው ቫልቭ በከፊል ሲዘጋ በሞተሩ ላይ ያለው ሸክም ይቀንሳል። ሞተር ከፍታ ሲጨምር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ፣ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ቆቦ የሚችለውን ሸክም ደጋ ላይ አይጠብቁበት፤ የደከመ ሲመስል ናፍጣ መጨመር መገጣጠሚያውን መፈተን ነው።

ይህን ጥገና ከአንድ የመኸር ወይም ከአንድ የመስኖ ወቅት በላይ አላምነውም። ስለዚህ አዲሱ ካምሻፍት መታዘዝ ያለበት ቁራጮቹ ገና በእጅ ሳሉ ነው፦ ጠቅላላ ርዝመቱን፣ የእያንዳንዱን አንገት ውፍረት፣ የጉብታዎቹን ቁመትና ቅደም ተከተል፣ የጊሩን ጥርስ ብዛትና የመዞሪያ አቅጣጫውን ለክተው ይጻፉ፤ የሞተሩን የስም ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው አብረው ይላኩ። ካምሻፍቱ ሲታዘዝ ሙሉ የፑንተሪያ ስብስብም አብሮ ይታዘዝ፣ አሮጌ ፑንተሪያ በአዲስ ጉብታ ላይ አይሮጥምና።